የፎቁ ክፍል

እኔ ማን ሆኜ ነው የምጽፈው እያልኩ ስንቴ ትቼዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ያጠፋሁትን እያቃናችሁ አንብቡልኝ። የምነግራችሁ ስለ አንዲት የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነው።

ተማሪዎቹ «እማማ ቀስ» ይሏታል። ደረጃው ላይ ሲሮጡ ባየች ቁጥር «ቀስ በሉ፣ ቀስ!» ስለምትል ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ ሆነ ሲባል እማማ ቀስ የምትሆነውን አጣች፤ ቤት ልትቀር የነበረችው ልጇ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ደስታው ግን የሁሉም ነበርና ግቢው ጢም አለ። ፎቅ ላይ የነበረው ቤተ መጻሕፍት ተነሥቶ፣ ዘግይተው የተመዘገቡት ልጆች እዚያ ታጎሩ፤ ለሦስት በተሠራው ወንበር አምስት አምስት ሆነው። ከኋላ ያሉት መምህሩን የሚያውቁት በሳሉ ነው። የእማማ ቀስም ልጅ ከኋላ ናት።

«ዛሬ ምን ተማርሽ?» ስትላት፣

«ከፊት የተቀመጡትን ጠይቂያቸዋ!» ትላታለች እየሳቀች።

መጀመሪያ የመጣው አቧራው ነው። ልጆቹ ፎቁ ላይ ገብተው በተቀመጡ ቁጥር፣ ከታች ካለው ክፍል ጣሪያ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ይረግፍ ጀመር። ቀጥሎ ስንጥቁ ታየ፤ ከርሞ ጣት የሚያስገባ ሆነ። አንድ ቀን ደግሞ ተማሪው ሁሉ ሄዶ፣ ባዶውን ፎቅ ብቻዋን ስትጠርግ፣ ወለሉ ከእግሯ ሥር አቃሰተ። የታመመ ሰው የተኛበት መሰላት።

መጥረጊያውን ጥላ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ያ ፎቅ ደኅና አይደለም።»

ዳይሬክተሩ በሩን ዘጋ። «አውቃለሁ እማማ፤ ሲያቃስት እኔም ሰምቼዋለሁ። ይጠገን ብዬ አመልክቼ ተራ ጠብቅ ተብያለሁ።»

«እስከዚያው ብንዘጋውስ?»

«ዘግቼ የት ላድርጋቸው? ሌላው ክፍል መርፌ መጣያ የለውም። በመጨረሻ የገቡት ይሰናበቱ ማለት እኮ ነው። የእርስዎም ልጅ ከነሱ ናት።»

እማማ ቀስ ወደ በሩ ዞረች።

«ደግሞም እስካሁን ይዟል» አለ ዳይሬክተሩ፤ ዓይኑ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ነበር።

ማታ ልጇ ዩኒፎርሟን ስትተኩስ፣ «ነገ ብትቀሪስ?» አለቻት።

«ምን ሆንሽ እማዬ? ከቀረሁ ቦታዬ ይያዛል፤ መሬት መቀመጤ ነው።»

እማማ ቀስ ጋደም አለች። የራሴን ላስቀር፣ የሰው ልጅስ? ደግሞ ከታች የሚማሩትስ? እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ነጋ።

ጠዋት ዘበኛው በሩን ሲከፍት ቀድማ ገባች። የፎቁን ክፍል ቆለፈች፤ ቁልፉን ጉያዋ ከታ ደረጃው መሐል ተቀመጠች። ተማሪዎቹ እየተጋፉ መጡ።

«እማማ ቀስ ዛሬ መግቢያ ሊያስከፍሉን ነው!» አለ አንዱ፤ ሳቁ።

ልጇ እየገፋች ወደ ፊት ወጣች። «እማዬ፣ ሞቼ ልገኝ፣ አታዋርጂኝ። ልለፍ።»

ዳይሬክተሩ ከሜዳው ማዶ እየሮጠ ሲመጣ ታየ። እማማ ቀስ የደረጃውን ብረት ጨብጣ፣ ልጇን ላለማየት አንገቷን ደፍታ፣ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።