ወንድሜን ከአረቄ ቤት ያስወጣው ድምፅ

ዛሬ ወንድሜን ከአረቄ ቤት ያስወጣው ራሱ ወንድሜ ነው!

ታላቅ ወንድሜ አበባው ባጃጅ ተገልብጦበት ጭንቅላቱን ከተጎዳ ወዲህ ነገር ቶሎ ይረሳል። አረቄን ግን አልረሳም፤ እሷ የተቀመጠችበት የጭንቅላቱ ክፍል አልተጎዳም መሰለኝ።

ሐኪሙ «መጠጥ ይገድልሃል» ስላለው ከሱስ የሚያላቅቅ ሕክምና ጀምሯል። ግን ወደ ቀጠሮው ሲሄድ መንገድ ላይ ይረሳውና አረቄ ቤት ይገባል። እኔ ሳስታውሰው «ታናሼ ልታዢኝ ነው?» ይለኛል።

ይህን ስነግራት የሕክምና ቤቱ አማካሪ «እንግዲያው ራሱን ይዘዝ» ብላ የገዛ ድምፁን ስልኩ ላይ ቀዳችለት፤ በቀጠሮው ሰዓት እንዲጮህ።

ዛሬ ስፈልገው እማማ ጥሩነሽ አረቄ ቤት አገኘሁት። መለኪያውን ሊያነሳ ሲል ስልኩ ጮኸ።

«አበባው! አረቄ ቤት ነህ አይደል? አታፍርም? ተነስና ወደ ሕክምናህ ሂድ!»

ወንድሜ ቱግ አለ። «ማነው ይሄ ባለጌ?»

«አንተው ነህ ልጄ» አሉት እማማ ጥሩነሽ፣ መለኪያውን ከፊቱ እያነሱ።

ትንሽ አሰበ። «እኔ ካልኩማ ምን አደርጋለሁ!» ብሎ ተነሳ።

እንዳይረሳው ክንዱን ይዤ እስከ ሕክምና ቤቱ በር ሸኘሁት። እሱ ገባ፤ እኔ ውጭ ቆሜ እየሳቅሁ አለቀስኩ።

እናንተስ እምቢ ያለ ዘመዳችሁን በምን ዘዴ አሳከማችሁ? ንገሩኝ፤ ሐሙስ ሌላ ቀጠሮ አለን።