የእህቴ ጠማማ ማሰሮ

ጠዋት፣ ከአፉላ

ታናሽ እህቴ ታደለች ቤርሼባ ከገባች ጀምሮ ደረቷን እየጨነቃት፣ እንቅልፍ እያጣች በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር። እኔም ይህን አድርጊ፣ ያን ተይ እያልኩ ስመክራት ኖርኩ። ከፋሲካ ወዲህ ግን መደወሏን ተወች። ስደውልላት፣ “ማትናስ፣ የሰፈራችን ማዕከል፣ ሑግ የሚሉት የእጅ ሥራ ትምህርት ገብቻለሁ፤ ጭቃና ቀለም እየሠራን ትንፋሻችንን እናዳምጣለን። ጭንቀቱ ቀለል አለኝ” አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ። እህቴን የነጠቀችኝን አስተማሪ በዓይኔ ላያት ተነሣሁ።

እኩለ ቀን

ቴል አቪቭ ላይ አውቶቡስ ቀየርኩ። ከተማው ሲያልቅ የታጨደ የስንዴ ማሳ መጣ፣ ከዚያ አቧራ ብቻ። የሱፍ ፍሬ እየፈለፈልኩ ለአስተማሪዋ የምላትን ሳሰላስል ደረስኩ። ታደለች መናኸሪያው ጠበቀችኝ። ወፈር ብላለች፤ ፊቷ ወዝ አውጥቷል። እሱም አናደደኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሽኩና ዳሌት፣ የታደለች ሰፈር

በማትናሱ፣ ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት አዳራሽ ጎን፣ ስምንት ሴቶች ጠረጴዛ ከበዋል፤ እኔም ታደለች አጠገብ ተቀመጥኩ። አስተማሪዋ ሩት ከከተማው ዳር ካለችው ከዖሜር በመኪናዋ የምትመጣ ዝምተኛ ሴት ናት። ጭቃ አድላን ዓይናችንን ጨፍነን እጃችንንና ትንፋሻችንን ብቻ እንድናስተውል ነገረችን። “ለአት፣ ለአት” አለች፤ ቀስ በሉ ማለቷ ነው።

ጭቃ ለእኔ! አገር ቤት፣ ወለቃ እያለን እናታችን ሸክላ ሠርታ ነው ያሳደገችን። ሩት እንድታይልኝ ብዬ ዓይኔን ሳልጨፍን ሦስት ማሰሮ ደረደርኩ። ፈገግ ብላ አለፈችኝ። ታደለች ግን አንዲት ጠማማ ማሰሮ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች። በልጅነታችንም ሸክላዋ ሲጣመም እናታችን ሳታይ የማቃናላት እኔ ነበርኩ። እንደ ልማዴ እጄን ሰድጄ የማሰሮውን አፍ አቃናሁላት።

ዓይኗን ገለጠች።

“እትዬ፣ ለምን ነካሽብኝ?”

“ተጣሞብሽ እኮ ነው!”

“ይጣመም። እዚህ ማንም አያቃናኝም፤ የምመጣውም ለዚህ ነው።”

በአውራ ጣቷ መልሳ አጣመመችው። እጄን ሰበሰብኩ።

በማግስቱ፣ አፉላ

ታደለች ጠማማ ማሰሮዋን ሲደርቅ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበር፤ ቤቴ ስገባ ስልኩ አጠገብ አስቀመጥኩት። አልዋሽም፣ በሩት አሁንም እቀናለሁ። እኔ በስንት ምክር ያልሰጠኋትን እሷ ዝም ብላ ሰጠቻት።

በሳምንቱ

ታደለች ደወለች። ባሏ ከሥራ እንደተሰናበተ እየነገረችኝ ሳለ ምክሩ ምላሴ ላይ ደረሰ። ጠማማውን ማሰሮ እያየሁ ትንፋሼን አዳመጥኩ።

“እትዬ፣ አለሽ?”

“አለሁ፤ እየሰማሁሽ ነው።”

ያን ጊዜ ነግራኝ የማታውቀውን ሁሉ ነገረችኝ።