ሰላም ሳይጠይቁ ወደ ነገር የማይገቡት መምህር ጃርሶ

መምህር ጃርሶ ማረፋቸውን የሰማሁት ሜጋ ላይ ከመኪና ስወርድ ነው። ነገሌ የደረስኩት ከቀብሩ በኋላ ስለሆነ እስካሁን ያንገበግበኛል። እርሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ይህችን ልጽፍ ስንቴ ተቀምጬ ስንቴ ተነሣሁ።

እርሳቸው መጀመሪያ አስተማሪዬ፣ ኋላ የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ። የቦረና ልጅ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ነገሌ ባለው ጦር ሰፈር ያደግሁ የወታደር ልጅ ነኝ። ከክፍል ሲወጡ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ፖሊስ ጣቢያ ነበር። አማርኛ የማይሆንለት ከብት አርቢ ተይዞ ሲመጣ ሊያስተረጉሙለት አጠገቡ ይቀመጣሉ። ሰውየው በአገሩ ወግ የመርማሪውን ደኅንነት መጠየቅ ሲጀምር መርማሪው «ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ፤ ሌባ ነህ» ይለዋል። እርሳቸው ጣልቃ ገብተው «ይጨርስ ግዴለም። ቦረና የፈለገው ቢደርስበት ሰላም ሳይጠይቅ ወደ ነገር አይገባም» ይላሉ። እርሳቸው ባይኖሩ በሰው ከብት ይታሰር የነበረ ከወደራ የመጣ ሰው አውቃለሁ።

አንድ ክረምት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄድን። ቴሌቪዥን ያኔ ገና ብርቅ ነበር። አንድ የወንጀል ድራማ አዘጋጅ ከቦረና መምጣታቸውን ሰምቶ ነፍስ በማጥፋት የተጠረጠረ ቦረና ሆነው እንዲጫወቱለት ጠየቃቸው። ልምምዱ ላይ ግን «መምህር፣ አነጋገርዎ አላሳመነኝም፤ የዚያ አገር ሰው አይመስሉም። ሰበር ያድርጉት እንጂ» አላቸው።

«ስብርባሪውን ማን ያነሣዋል?» አሉት።

በዚያ ላይ በድርሰቱ ውስጥ ተጠርጣሪው ገና ከበሩ ሮጦ መርማሪው እግር ላይ ወድቆ ይናዘዛል። ቢያንስ ሰላምታው ይግባ ቢሉ ጊዜ የለም ተባሉ፤ ትተውት ወጡ። ሚናውን አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ወሰደው። ድራማውን ሆቴል ቤት ተቀምጠን አየነው። ልጁ አፉን ባጣመመ ቁጥር ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። መምህር ጃርሶ ተነሥተው ወጡ፣ ተመለሱ፣ ደግሞ ወጡ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ።

«ነገ መርማሪ ሆኖ እኛ አገር የሚመጣው ይህን አይቶ የሳቀው ነው» አሉኝ።

ነገሌ ስንመለስ ዕረፍት ነሡን። ራሳቸው የነፍስ ግድያ ምርመራ ድራማ ጻፉ፤ በጦር ሰፈሩ አዳራሽ አሳየነው። ተጠርጣሪው እርሳቸው፣ መርማሪው እኔ። ቀስ ብለው ገቡና «ናጋ?» አሉኝ፤ በአገሩ ቋንቋ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። ከብቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን በየተራ ጠየቁ። ከፊት ወንበሮች ሳቅ ተነሣ። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ እርሳቸው አልፈጠኑም። ከኋላ ለገበያ የመጡ ሽማግሌዎች በየጥያቄው «ናጋ» እያሉ ይመልሱ ጀመር። ቀጥሎ የወታደሮቹ ሚስቶች መለሱ። በመጨረሻ ያ የጣቢያው መርማሪ ራሱ ከመቀመጫው ሆኖ «ናጋ» አለ። ሰላምታው ሳያልቅ ሰዓቱ አለቀ። ገዳዩ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ አሉ፤ እኔም አላውቅም።

ጋሽ ጃርሶ፣ መቃብርዎ ዘንድ ስደርስ ለቅሶዬን ይዤ ዘው ልል ነበር። ያስተማሩኝ ትዝ ሲለኝ ቆምኩ። «ናጋ?» ብዬ ጀመርኩ። ከብቱን ጠየቅሁ፤ ልጆቹን ጠየቅሁ፤ የዘንድሮውን ዝናብ ጠየቅሁ። ቸኩዬ ያስቀረሁት የለም። ከዚያም እንደ ወጉ መልስዎን ጠበቅሁ። ደኅና ይሁኑ ጋሼ፤ ወደ ነገሬ ሳልገባ ተመለስኩ።