ልጄ እሺ ያለችኝ ቀን

ልጄ ስልክ ላይ ስትጨቃጨቀኝ ደህና ናት ማለት ነው። ሆሊውድ አንድ ሕንፃ ስር፣ ሁለት ፎቅ ወደ መሬት የወረደ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምትሠራው። መስታወት ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብላ የሚወጣውን መኪና ቲኬት ትቀበላለች። እኔ እዚያው ከተማ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሱቆች ሰፈር፣ በርበሬ ከምናሽግበት ሱቅ ሆኜ ዙሁር ሰግጄ እደውልላታለሁ። «እማ፣ ደግሞ ደወልሽ? ቢዚ ነኝ!» ትለኛለች። ደስ ብሎኝ እዘጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን «በላሽ?» ስላት፣

«እሺ እማ» አለችኝ።

«ምን እሺ? በላሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ኦኬ። እሺ።»

ሆን ብዬ ነገር ፈለግኋት። «አንቺ ዝርክርክ፣ ክፍልሽን የአይጥ መራቢያ አድርገሽው ሄድሽ!»

«ልክ ነሽ እማ። ሶሪ።»

የበርበሬውን ላስቲክ ጥዬ ተነሳሁ። «ጋሼ፣ በአላህ፣ በመኪናዎ ልጄ ጋ ያድርሱኝ» አልኳቸው ባለ ሱቁን።

«ምን ሆነች?»

«እሺ አለችኝ።»

«እሺ ስላለችሽ ነው? የኔዋ አንድ ቀን እሺ ብትለኝ በግ አርድ ነበር!»

ፊቴን ሲያዩ ግን ቁልፋቸውን አነሱ።

መንገዱ በመኪና ተዘግቷል። እኔ የማስበው እናቴን ነበር።

የእናቴ አገር የወሎ ቆላ ነው፤ ዐይን እስኪደክም ሜዳ። ከክረምት በኋላ ሣሩ ሰው ይውጣል። በበጋ ደርቆ እሳት ከያዘው ደግሞ ጎተራ አይተርፍም። ስለዚህ ማሽላውን አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩታል። ጉድጓዱ ሲከፈት ታምቆ የከረመው አየር ሰው ይገድላል። ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል፤ ከዚያ አንድ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወርዳል። ሌላው አፋፉ ላይ ተቀምጦ ይሰድበዋል። ስድቡ ሥራ ነው፤ አጸፋውን የሚመልስ ሰው አእምሮው አለ ማለት ነው።

እናቴ ታላቅ ወንድሟን ቀና ብላ አታየውም ነበር። ጉድጓድ ሲገባ ግን አትምረውም።

«ሚስትህ ያገባችህ ዐይኗ ታሞ ነው!»

«አንቺ ቆሞ ቀር፣ አቁማዳውን አውርጂ!» ይላል ከታች።

አንድ ዓመት ቤት ያለው እህል አለቀና ጉድጓዱን ሳያናፍሱ ቸኩለው ገቡ። እንደ ልማዷ በሚስቱ ስትሰድበው ቀስ ብሎ፣ «እውነትሽን ነው፣ እህቴ» አላት። እናቴ ጮኸች። አጠገቧ የነበሩት ወንዶች በገመዱ ጎተቱት፤ እግሩ እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፎ ወጣ። ተርፏል። «ዝም ቢል ኖሮ እስኪመልስ እጠብቅ ነበር፤ እህቴ ብሎኝ ነው ያወቅሁት» ትለን ነበር እናቴ።

ስንደርስ ጋሼ መኪናውን ፓርክ ሳያደርጉ ዘልዬ ወረድኩ። ቁልቁለቱን ሮጥኩ። ከሳጥኗ አጠገብ አንድ ትልቅ ትራክ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ ጭሱ ዐይን ያቃጥላል። ልጄ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታለች።

«ተነሺ!»

«እሺ።»

እየደገፍኩ፣ እየጎተትኩ አወጣኋት። ውጭ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አስታወከች። ጋሼ ውሃ አመጡ። የኔ አፍ አላረፈም፤ ሰነፍ፣ ልበ ቢስ፣ ያላልኳት የለም። አላፊ አግዳሚው ያየኛል። እሷ በእሺታ ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች፤ እኔም እጨምራለሁ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ቀና አለች። «እማ፣ ሰው እያየን ነው። ስቶፕ!»

አለቃዋ ከሕንፃው ወጥቶ መጣ። መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ውረጂ አላት። እሺ እንዳትለው ብዬ ክንዷን ያዝኩ። በእንግሊዝኛ ነው የመለሰችለት፤ ትራኩ ካልወጣ፣ አየሩም ካልተናፈሰ አልወርድም አለችው። እንግዲያው ሂጂ አላት። የደረቷን ባጅ ፈትታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

መኪና ውስጥ ከኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት» አልኳቸው።

«ሐኪም ቤት አልሄድም!» አለች ልጄ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሏት ጋሼ፣ መሪውን እያዞሩ።