የጎረቤቴ ቁመትና የፎሶሊያው ዘር

እግሬ ቤት አይቀመጥም። ፎሶሊያዬ ማፍራት ሲጀምር ደብረ ሲና ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ወጣሁ። ፎሶሊያው ተራ አይደለም፤ ፍሬው ገና ብቅ ሲል ጀምሮ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ ነው፣ ሐረጉም ያገኘው ላይ ይወጣል። ዘሩን አውቶቡስ ላይ ጎኔ የተቀመጠች ሴት ከመሐረቧ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ዘሩ ከጠፋ ጠፋ ነው። በማሽላ አገዳ ደግፌ አሳደግኩት። ስሄድ ጎረቤቴን፣ "ውኃ ብቻ አጠጪልኝ፤ ለዘር ነው" አልኳት።

"ሂጂ፣ እኔ እያለሁ" አለችኝ።

ስመለስ ፎሶሊያዬ ተለቅሞ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። እሷ ምስጋና የሚጠብቅ ፊት ይዛ ዶሮ ታባርራለች።

"ምን አደረግሽ?"

"ደረሰልሽ። ጠቁሮ ሳየው ሳይፈነዳ ብዬ ለቀምኩት። ወገቤ እስካሁን አልተቃናም።"

የኛ ቆላ ሰው ማሾ ሲለቅም ነው የሚያረጀው። ይሄ ጥራጥሬ ከጠቆረ ደርሷል፤ ካልፈጠኑበት ፈንድቶ ይበተናል። እሷ ሐረግ ላይ የጠቆረ ነገር አይታ እጇን መሰብሰብ አትችልም። አንዱን ከፍቼ አሳየኋት፤ ውስጡ ሩዝ የማታህል ለጋ ነገር ናት።

"ሱብሃነላህ፣ ይሄ ሲወለድ ጀምሮ ሽማግሌ ነው እንዴ?"

ልቆጣ ስል ሳቄ ቀደመኝ። ዘሩ ግን አለቀ ማለት ነው። ለስላሳ ለስላሳውን መርጠን በሽንኩርት ሠራነው። ድስት ውስጥ ያ ሁሉ ጥቁረት ለቆ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ።

"አየሽ፣ ውሸታሙ እሱ ነው" አለች እየጎረሰች።

በማግስቱ ባዶውን ሐረግ ልነቅል ስስበው እምቢ አለኝ። ቀና ስል ለካ ጫፉ ፓፓያው ላይ ወጥቶ ኖሯል፤ ከቅጠሉ ሥር ጥቂት ፍሬ ተንጠልጥሏል። ጠራኋት።

"ይሄን ለምን ተውሽው?"

"አልደረስኩበትማ።"

ጎረቤቴ ቆማም ተቀምጣም አንድ ናት። "አልሃምዱሊላህ ለቁመትሽ" አልኳት።

ውሎ አድሮ ፍሬው ገርጥቶ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ሲሆን በቆልማማ እንጨት አወረድነው። ስፈለፍለው እጇን ዘረጋች።

"የምን?"

"የቁመቴ ድርሻ። እናቴ አንድ ስንዝር ጨምራ ወልዳኝ ቢሆን ምን ትዘሪ ነበር?"

ዘሩን ለሁለት ከፍዬ ሰጠኋት።

አሁን በሷም ጓሮ በቅሏል። ድጋፉን ግን እጇ የማይደርስበት ረጅም አድርጋ ተከለችው። ለምን ብላት፣

"ላይኛው ለዘር ነው" አለችኝ፤ "ከእኔ ይጠበቅ።"