እትዬ አልጣሽ ለማሽኑ ጀርባቸውን ሲሰጡ

ስለ እትዬ አልጣሽ ሳወራ ሳቄ ይቀድመኛል፤ ከወዲሁ ይቅርታ። ቦንጋ ባለችው የማር ማቀነባበሪያችን አሥራ አንድ ዓመት ጠርሙስ አጥበዋል። ዛሬ ማሽን ላይ የቆምነው አራት ሴቶች አንዳችን ሳንቀር የእሳቸው ተማሪዎች ነን። እሳቸው ግን ከማጠቢያ ገንዳው ንቅንቅ አላሉም ነበር፤ እኔን ሰብሌን ይኼ ነገር ሲያንገበግበኝ ኖሯል።

አስተማሪነታቸው ደግሞ ለብቻው ነው። እኔ ስቀጠር ማሽን የሚነኩት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሴት ከተጠጋች ዞር በይ፣ እጅሽን ይበላዋል ትባላለች። ገንዳው ግድግዳው ሥር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ለማሽኑ ጀርባችንን ሰጥተን ነው የምንውለው። እትዬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? አትንኩ አሉን እንጂ አትስሙ አላሉንም። እጃችን አረፋ ውስጥ እንዳለ ያፋጥጡናል፤ ማሩ ቀጠነ ወይስ ወፈረ? የቱ ቧንቧ ተደፈነ? ዞር ብላ ያየች በእርጥብ ጨርቅ ትከሻዋን ትቀምሳለች። ማንኪራ ጫካ፣ ከቀፎ ጋር ያደጉ ሰው ናቸው፤ ቀፎን ከውጭ አዳምጠው ውስጡን ያውቃሉ፣ ማሽኑንም እንደዚያው ያዙት። አንድ ቀን ሦስተኛው ቧንቧ ትፍ አለ ብዬ በኩራት ስናገር፣ እሱ ቧንቧ አይደለም፣ ያነጠሰው ደጉ ነው አሉኝ። ደጉ የመሙያ ማሽኑ ኦፕሬተር ነበር። ከዚያ በኋላ ባነጠሰ ቁጥር ገንዳው ጋ ሳቅ በሳቅ እንሆናለን፤ ምስኪኑ ምን እንደሚያስቀን ሳያውቅ ሥራውን ለቆ ሚዛን ከተማ ሄደ።

እስከዚያ ሴትም ትሞክር ተብሎ አራታችን በየተራ ተፈትነን ወደ ሌሎቹ ማሽኖች አልፈን ነበር። በእሱ ቦታ ኦፕሬተር ይፈለጋል ተብሎ ማስታወቂያ ወጣ። እትዬ እንዲመዘገቡ ብንለምናቸው እንደ ሁልጊዜው ሰበብ ደረደሩ፤ ወገቤን ያመኛል፣ ፈተናው በአማርኛ ነው፣ እኔ ደግሞ ስደነግጥ አፌን የፈታሁበት ካፊኖኖው ይቀድመኛል። እኔና ማጣሪያው ላይ የምትሠራው ሃሌሉያ ሳናማክራቸው ስማቸውን አስገባን። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ስማቸውን ሰሌዳ ላይ አዩት። ግማሽ ቀን ጠርሙሱን እንደ ጠላት ሲፈትጉት ቆዩ። ከዚያ "ብወድቅ የት እገባለሁ?" አሉን፣ በቃ። ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። እሺ ቢወድቁስ? በእርጅናቸው ሰው ፊት ያቆምናቸው እኛ ነን።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት ኢንጂነር ሳሙኤል መጣ፤ ወጣት ነው፣ መነጽሩ ፊቱን ያክላል። ማሽኑን አስነሣና "ይጀምሩ እትዬ" አላቸው። እትዬ ማሽኑን አዩት። እጃቸውን ዘረጉ፣ መለሱ። ላባቸው ተንቆረቆረ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ዞር ብለው ጀርባቸውን ሰጡት።

ኢንጂነሩ ያኮረፉ መሰለው። ፈተናውን ትተውት ነው ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። ሃሌሉያ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ በጆሮዬ ገደልናቸው ትለኛለች። እኔን ደግሞ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሳቅ ሊገለኝ ነው።

እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው መናገር ጀመሩ። ማሞቂያው ከልኩ አልፏል፣ ማሩ ቀጥኖ እየሮጠ ነው። አራተኛው ቧንቧ ዘግይቶ ይዘጋል፣ ይንጠባጠባል። ቀበቶው በግራ በኩል ላልቷል። ኢንጂነሩ አንድ በአንድ ሊያይ ገባ። አራተኛው ቧንቧ ሥር ሲያጎነብስ ማር መነጽሩ ላይ ጠብ አለ፤ እኛ በሳቅ ፈረስን። ወጥቶ መነጽሩን እየጠረገ "ማሞቂያውንና ቧንቧውን ሆን ብዬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አለ። "ቀበቶውን ግን እኔም አላወቅሁም።"

አሁን ዞረው ያስተካክሉት ሲላቸው ዞሩ። ከዚያ በፊት በየምሳ ሰዓቱ ሰው ሳያይ እኛው ስላስለመድናቸው እጃቸው አላፈረም። ሙቀቱን ቀነሱ፣ ቧንቧውን ፈትተው አጠቡ፣ ቀበቶውን ወጠሩ። ከሰኞ ጀምሮ ማሽኑ የእርስዎ ነው አላቸው። እልልታችን እስከ ባጃጅ ፌርማታው ድረስ ተሰምቷል አሉ፤ ሃሌሉያማ ኢንጂነሩን ከነመነጽሩ ሳመችው።

እትዬ ሣጥን ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው ይወርዳል። ሃሌሉያ ይህን ያህል ዓመት ምን አስፈራዎት አለቻቸው።

"እኔ ከወደቅሁ እናንተ ያስተማርኳችሁን ትጠራጠሩታላችሁ ብዬ ነዋ" አሉ። "ማሽኑ ላይ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል።"

እኔ ፈሪ ናቸው እያልኩ ስንት ዓመት አምቻቸዋለሁ። እግራቸው ሥር ወደቅሁና ቦቲያቸውን አቅፌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ እሳቸው እየሳቁ ተነሺ፣ ወለሉ እርጥብ ነው አሉኝ።