በታጨደ ማሳ ላይ የዋልሁበት ቀን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ዘርዝሬያለሁ፤ ይህን ግን ዋጥሁት። አንተ የምታነበው ሰው፣ ስማኝ እንጂ እዘንልኝ አልልህም።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ሰፍሮ በነበረ ጊዜ ነው። እኔ ከቡሬ ወዲህ ባለች መንደር የወንፈል መሪ ነበርሁ። ሰባት ሆነን ተራ በተራ አንዳችን ለሌላው እናጭዳለን፤ መሪው ከቀደመ ሌላው ይከተላል። የኔን ጤፍ ሰባታችን በአንድ ቀን ጨረስነው። ከሰባቱ አንዷ እናኑ ነበረች። ባሏ ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቶ ስለነበር የእሱን ማጭድ ይዛ ከወንዶቹ እኩል ታጭድ ነበር። ቀጣዩ ተራ የሷ ነው፤ የኅዳር ሚካኤል ማግስት። ያለቻት ያች አንድ ማሳ ናት፤ የልጆቿ የዓመት ቀለብ እዚያ ላይ ቆሟል።

ጠዋት ማጭዴን ሳልሁ። እጀታው ላልቶ ነበርና ሽብልቅ መታሁበት፤ ጠበቀ። በዚህች ደስ አለኝ። መንገድ ላይ በበቅሎ የሚሄድ አንድ ባንዳ አገኘኝ።

«አያ፣ ወዴት ነው?» አለኝ።

ጠመንጃውን እንኳ ከትከሻው አላወረደም። እኔ ግን የአርበኛ ሚስት ጤፍ ሊያጭድ ነው ይለኛል ብየ ፈራሁ። «ወደ ማሳየ ነው፣ ጌታየ» አልሁት። ጌታየ! ያ የሰው በቅሎ ላይ የተጎለተ ልክስክስ ጌታየ ሆነ። ለካ የደምበጫን መንገድ ሊጠይቀኝ ኖሯል፤ አሳየሁትና ሄደ።

ያኔም ቢሆን ወደ እናኑ መሄድ እችል ነበር። አልሄድሁም። ዞሮ ቢያየኝስ ብየ ውሸቴን እውነት ለማድረግ ወደ ማሳየ ገባሁ። ማሳው ታጭዶ አልቋል፤ ያለቀውም በእናኑ እጅ ጭምር ነው። ታዲያ ምን ሠራሁ? ጎንበስ ብየ ቃርሚያ ለቀምሁ፤ ያን የሚያህል ክምር ያለኝ ሰውየ፣ ለድኻ የሚተወውን ቃርሚያ! አምስቱ ባልንጀሮቼ በዚያ ሲያልፉ አዩኝ። መሪው ካልሄደ አንድ ነገር ሰምቷል ብለው ማጭዳቸውን ይዘው ተመለሱ። አየኋቸው። «ሂዱ» ማለት አንድ ቃል አልነበረምን? «ፈሪ ለናቱ» ይላሉ፤ የኔ እናት ከሞተች ቆይታ ነበር።

ከዚያ እሾህ ወጋኝ፤ ነቀልሁት። ጥጃየ የሰው ሽንብራ ገባ፤ መለስሁት። ቀትር ላይ ጥላ ሥር ቆሎየን ቆረጠምሁ። ሥራ የዋለ ሰው መሰልሁ።

ቀትር እንዳለፈ ሰማዩ ጠቆረ። በኅዳር ማንም ያልጠበቀው በረዶ ወረደ። እናኑ ብቻዋን እስከዚያ ያጨደችው ጥቂት ነዶ ነው፤ የቀረው ጤፍ ረግፎ ከጭቃ ተቀላቀለ። እኔ ክምሬ ሥር ተጠልየ አከማመሩ ማማሩን አደንቅ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናኑ ደጃፌ ላይ ቆመች። ልብሷ ርሷል።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ ሞላ? ቢቀሩብኝ ጊዜ አሞዎት ይሆናል ብየ ነው። ምሳዎን ይዠልዎት መጣሁ።»

ለወንፈሉ ብላ ያለቻትን አንዲት ዶሮ ጎረቤት ለምና አሳርዳ ኖሯል። ለአባወራ የሚሰጠውን ፈረሰኛ ለኔ ለይታ አምጥታልኛለች።

«አዎ፣ ሆዴን ሲቆርጠኝ ዋለ» አልኋት።

«እግዜር ይማርዎ» ብላ ሄደች። እኔም ቁጭ ብየ በላሁ። አጥንቱን ጋጥሁ።

በዚያው በጋ ልጆቿን ይዛ ቡሬ ገባች፤ በሰው ቤት እህል ፈጪ ሆነች። ጣሊያን ሲወጣ ባሏ ተመለሰና ቤቴ ድረስ መጥቶ አቅፎ ሳመኝ። «ያን ቀን ታመው ነበር አሉ፤ ባይታመሙማ አይተዋትም ነበር» አለኝ። «አዎ» አልሁት። እንደገና ዋሸሁ፣ ያውም ባንዳ በሌለበት።

ፈርቼ ነው ብየ አላመካኝም። ፍርሃቱ በቅሎዋ ከመታጠፊያው ስትሰወር አልቆ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ጎንብሼ የዋልሁት ምን ፈርቼ ነው? እናኑ አርፋለች። ብትኖርም ይቅር በይኝ ብየ ሌላ ሸክም አልጭንባትም ነበር። የምነግራት ግን አለኝ። እናኑ፣ ያን ቀን አላመመኝም። ዶሮውም ጣፍጦኝ ነበር።